ለመስተጋብራዊ ልብ ወለድ መጽሔት የጽሑፍ ሐሳብ ስለማግኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስተጋብራዊ ልብ ወለድ አንባቢው ቃል እየጻፈ ወይም ከቀረቡለት አማራጮች አንዱን እየመረጠ የታሪኩን አካሄድ የሚወስንበት፣ በኮምፒውተር የሚነበብ የድርሰት ዓይነት ነው። ስለዚህ ድርሰት በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ መሳተፍ የሚሹ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገሩት በአጻጻፍ ሳይሆን ገና ከመነሻው ነው፤ «ምን ልጻፍ?» ይላሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ለእነርሱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መስተጋብራዊ ልብ ወለድ ስትሉ የትኞቹን ሥራዎች ማለታችሁ ነው?

ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች አሉ። በመጀመሪያው ተጫዋቹ ትእዛዙን በራሱ ቃል ይጽፋል፤ የተጻፈውን ተንትኖ ወደ ድርጊት የሚለውጠው የፕሮግራሙ ክፍል ፓርሰር ይባላል፤ የዘሩም መነሻ ከ1975 እስከ 1977 ባሉት ዓመታት የተሠራው «ኮሎሳል ኬቭ አድቬንቸር» ነው። በሁለተኛው ቤተሰብ አማራጮቹ ለአንባቢው ተዘርዝረው ይቀርባሉ። ክሪስ ክሊማስ በ2009 ያወጣው ትዋይን የተባለ ነፃ መሣሪያ ኮድ ጽፈው የማያውቁ ሰዎች ጭምር እንዲህ ያለውን ሥራ በብሮውዘር እንዲያቀርቡ ስላስቻለ፣ ይህ ቤተሰብ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ሰፍቷል። መጽሔቱ ሁለቱንም በእኩል ዓይን ያያል።

ርዕስ አለኝ። ሐሳብ አለኝ ማለት ነው?

ገና ነው። «ስለ ኮሎሳል ኬቭ ልጽፍ ነው» የሚል ሰው ርዕስ ይዟል፤ ጥያቄ ግን አልያዘም። የጽሑፍ ሐሳብ የምንለው መልሱ ገና ሳይታወቅ በማስረጃ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። በርዕስና በሐሳብ መካከል ያለውን ርቀት ለማሳየት ይኸው የመጀመሪያው ሥራ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው።

ዊል ክራውዘር ማሳቹሴትስ ውስጥ በሚገኝ የኮምፒውተር ኩባንያ የሚሠራ ፕሮግራመር ሲሆን፣ ከሥራው ውጭ በኬንታኪ ግዛት ባለው የማሞዝ ዋሻ ሥርዓት ውስጥ እየገባ ካርታ የሚያነሳ የዋሻ አሳሽ ነበር። ከትዳሩ ከተለያየ በኋላ ለሴት ልጆቹ እንዲሆን ብሎ የጻፈውን ፕሮግራም፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዶን ዉድስ በ1977 አስፋፍቶ ለዓለም አዳረሰው። ይህ ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሲነገር፣ ክራውዘር የሠራው እውነተኛውን ዋሻ የሚያሳይ ማስመሰያ ብቻ እንደነበረና ምትሃቱን የጨመረው ዉድስ እንደሆነ ተደርጎ ይወሰድ ነበር። ዴኒስ ጄርዝ የተባለ የሥነ ጽሑፍ መምህር ግን «የክራውዘር የመጀመሪያ ኮድ በእርግጥ ምን ይዞ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ጠፍቷል ሲባል የኖረው ኮድ ዉድስ ተማሪ ሳለ በስታንፎርድ ከነበረው የኮምፒውተር አካውንት ቅጂ ተገኘ፤ ጄርዝ ከዋሻ አሳሾች ጋር ራሱ ወደ ዋሻው ወርዶ በጽሑፍ የተገለጹትን ቦታዎች ካሉት ቦታዎች ጋር አስተያየ። በ2007 ያሳተመው ጥናት ተጫዋቹን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያሻግረው ምትሃታዊ ቃልም ሆነ የሚያጠቃው ድንክ ከመጀመሪያውም በክራውዘር ኮድ ውስጥ እንደነበሩ አረጋገጠ።

ዋሻው፣ ኮዱና ሁለቱ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሁሉም የታወቁ ርዕሶች ነበሩ። ጽሑፉን የወለደው «ሁላችንም የምንለው ነገር በምን ይረጋገጣል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሐሳብ ሲያጡ የሚያውቋቸውን ነገሮች ይቁጠሩና ከመካከላቸው አይተው ያረጋገጡት የትኛውን እንደሆነ፣ ሰምተው የተቀበሉት ደግሞ የትኛውን እንደሆነ ይለዩ።

እሺ፣ ጥያቄው ከየት ይመጣል?

ከመጫወት። ይህን ስንል ብዙዎች ቅር ይላቸዋል፤ ለዓመታት ሲጫወቱ የኖሩ ናቸውና። ለመዝናናት መጫወትና ለመጻፍ መጫወት ግን ይለያያሉ። ብዙዎቹ የፓርሰር ሥራዎች ተጫዋቹ የጻፈውንና ፕሮግራሙ የመለሰውን ሁሉ በፋይል እንዲያስቀምጡ የሚያደርግ ትእዛዝ አላቸው፤ ይህን መዝገብ ያስጀምሩ፤ በአጠገብዎ ደብተር ይያዙ። ከዚያም የተደነቁበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የተናደዱበትን፣ ፕሮግራሙ ያልገባውን ትእዛዝ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግመው የጻፉትን ግሥ፣ ለመምረጥ አመንትተው ጣትዎ የቆመበትን ቅጽበት ይመዝግቡ። በማግስቱ መዝገቡን ሲያነቡ ከጨዋታው በላይ ስለ ራስዎ የሚናገር ሆኖ ያገኙታል፤ ጥያቄዎቹም ከዚያ ይነሣሉ።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1998 የዓመቱን የመስተጋብራዊ ልብ ወለድ ውድድር ያሸነፈው የአዳም ካድሬ «ፎቶፒያ» ተጫዋቹን የሚፈትን እንቆቅልሽ የለውም ለማለት ይቻላል፤ የታሪኩን ፍጻሜም መለወጥ አይቻልም። በሥራው የተነካ ሰው «እጅግ ያሳዝናል» ብሎ ቢጽፍ አስተያየት ብቻ ይሆናል። ደብተሩን የያዘው ሰው ግን የትኛው ቦታ ላይ ገጸ ባሕርይዋን ለማዳን እንደሞከረ፣ ምን ትእዛዝ እንደጻፈና ሥራው ምን ብሎ እንደመለሰለት መዝግቧልና «ምርጫ የሌለበት ታሪክ ትእዛዝ እንድንጽፍ ለምን ይጠይቀናል?» ወደሚለው ጥያቄ ይደርሳል። በዚያው ዓመት የወጣው የአንድሩ ፕሎትኪን «ስፓይደር ኤንድ ዌብ» ደግሞ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ ጥያቄውን ያጠልቀዋል። በዚያ ሥራ ተጫዋቹ የተያዘ ሰላይ ነው፤ የሆነውን እየተጫወተ ለመርማሪው ይተርካል፤ ትረካው ከታወቀው ጋር ሲጋጭም መርማሪው አቋርጦ «እንደዚህ አልነበረም» ይለዋል። አንዱ ሥራ ተጫዋቹን ኃይል አልባ ያደርገዋል፤ ሌላው ተጫዋቹን ዋሾ ያደርገዋል። ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ብቻ ቢያንስ ሦስት ጽሑፍ ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ድሮዎቹ ሥራዎች ብዙ ተጽፏል። የቀረ ነገር አለ?

አለ፤ ከምንገምተውም በላይ። ኢንፎኮም የተባለውን ኩባንያ እንውሰድ። በ1979 ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መሠረቱት፤ በዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ የሠሩት «ዞርክ» ለቤት ኮምፒውተር ስለማይበቃ ከፋፍለው ሸጡት፤ በ1986 አክቲቪዥን የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ገዛው፤ በ1989 ማሳቹሴትስ ውስጥ በካምብሪጅ ከተማ የነበረው ቢሮው ተዘጋ። ይህ በየቦታው የተጻፈ ነውና እንደገና መተረኩ አያስፈልግም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሐረግ ተቆልፎ የቀረ በር ነው። ሥራው ለምን ተከፋፈለ? የት ላይ ተቆረጠ? ከተቆረጠ በኋላ ታሪኩ ምን አጣ፣ ምንስ አገኘ?

በ2019 ጄሰን ስኮት የተባለው የኮምፒውተር ታሪክ ሰናጅ የኢንፎኮምን ሥራዎች ምንጭ ኮድ በይፋ እንዲታይ አድርጓል። ስለዚህ ደራሲዎቹ ለተሳሳተ ትእዛዝ ያዘጋጁትን መልስ፣ ማንም ያላያቸውን ክፍሎች፣ በኮዱ መካከል ለራሳቸው የተዉትን ማስታወሻ ዛሬ ማንበብ ይቻላል። የአንድን ልብ ወለድ ረቂቅ ከታተመው ጋር እያስተያየ የሚጽፍ ሐያሲ የሚያደርገውን ሁሉ እዚህም ማድረግ ይቻላል ማለት ነው።

ከቁሳቁስም ሐሳብ ይገኛል። በ1982 የወጣው «ዴድላይን» የግድያ ምርመራ ታሪክ ነው፤ የምስክሮቹ ቃልና የምርመራው ሰነድ በዲስኩ ላይ ሊበቃ ስላልቻለ ታትሞ በሳጥኑ ውስጥ ተጨመረ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ለሥራዎቹ ሁሉ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ማዘጋጀት ልማዱ አደረገ፤ በሕገ ወጥ መንገድ የሚገለብጡትን ለመከላከልም አገለገሉ። ከቦታ ማነስ የተነሣ መላ የጥበብ አካል ሆነ፤ የኋላ ኋላም መቆለፊያ ሆነ። ወረቀቱ ሳይኖር ሥራውን ዛሬ በኮምፒውተሩ ላይ የሚያነብ ሰው ምን ያህሉን ታሪክ እያነበበ ነው? ይህን በደንብ የሚመልስ ጽሑፍ ቢደርሰን በደስታ እንቀበላለን።

ኮድ መጻፍ አልችልም። ስለ ምን መጻፍ እችላለሁ?

ከላይ የተነሡት ጥያቄዎች ከግማሽ በላዩ ኮድ አይጠይቁም። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው በ2000 የወጣውን የኤሚሊ ሾርትን «ጋላቴያ» ወስዶ፣ ከአንዲት ሐውልት ጋር የሚደረገው ውይይት እንደ ጠያቂው ጠባይ ወደተለያዩ ፍጻሜዎች እንዴት እንደሚያመራ ሊተነትን ይችላል። ጂኦግራፊ የሚወድ ሰው በ2014 የወጣውን፣ ዓለምን በሰማንያ ቀን ስለመዞር የሚተርከውን «ኤይቲ ዴይስ» እየተጓዘ በ1872 ዓለም ላይ የተሠመሩትን መንገዶች ከታሪክ ጋር ሊያገናዝብ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ከዓይነ ስውራን ተጫዋቾች ጋር የሚሠራ ጽሑፍ ማየት እንፈልጋለን። ሥራው ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች በዚህ ድርሰት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ የኢንተራክቲቭ ፊክሽን ቴክኖሎጂ ፋውንዴሽን በ2019 ስለ ተደራሽነት ያወጣው ሪፖርትም የትኞቹ አሠራሮች እንደሚያስቸግሯቸው በዝርዝር አሳይቷል። በድምፅ ብቻ የሚሰማ የዋሻ ካርታ በሰው አእምሮ ውስጥ እንዴት ይሣላል? ከተጫዋቹ ጋር አብሮ መቀመጥና በጥሞና ማዳመጥ ይህን ለመጻፍ ይበቃል።

ከውድድሮች ሐሳብ ማግኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ አሸናፊዎቹን በመዘርዘር ግን አይደለም። ኬቪን ዊልሰን በ1995 የጀመረው ዓመታዊ ውድድር ዳኞች አንድን ሥራ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተጫውተው ነጥብ እንዲሰጡ ያዛል። ይህ አንድ መስመር ደንብ የድርሰቱን ርዝመት፣ የእንቆቅልሹን ክብደት፣ የመክፈቻውን ፍጥነት ምን ያህል እንደቀየረ ማሰብ ይገባል። ደራሲ ዳኛው ሁለት ሰዓት ብቻ እንዳለው ሲያውቅ የሚጽፈው በ1980ዎቹ ለሳምንታት እንዲያሠራ ተብሎ ከተሸጠው ሥራ የተለየ ነው። ልዩነቱን ከሁለት ዘመን ሦስት ሦስት ሥራ መርጦ፣ ተጫውቶ፣ ሰዓት ይዞ የሚያሳይ ጸሐፊ ጠንካራ ጽሑፍ ይኖረዋል።

በአማርኛ የምጽፍ ነኝ። ከራሴ ቋንቋ ምን ላመጣ እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ ሲቀርብልን ደስ ይለናል፤ መልሱም ረዘም ይላል።

የፓርሰር ሥራ በእንግሊዝኛ ሲፈጠር ግሡ ይቀድማል፣ ዕቃው ይከተላል፤ ትእዛዝ ተቀባዩም ወንድ ይሁን ሴት ለውጥ የለም። አማርኛ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «በር» የሚለው ቃል በትእዛዙ ውስጥ «በሩን» ሆኖ ይገኛል፤ «ክፈት»፣ «ክፈቺ»፣ «ክፈቱ»፣ «ይክፈቱ» ሁሉም አንድ ድርጊት ናቸው፤ «ክፈተው» ስንል ደግሞ ትእዛዙም ዕቃውም በአንድ ቃል ተጠቅልለዋል። በዚህ ላይ «ሀይል» እና «ኃይል»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሐይ» እንደ ጸሐፊው ልማድ ስለሚለዋወጡ፣ አማርኛ የሚሰማ ፓርሰር የፊደሎቹን ዝምድና ማወቅ ይኖርበታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት የተካተተው በ1999 ነው፤ የድሮዎቹ የፓርሰር ሥራዎች የተቀመጡባቸው ፋይሎች ግን የተነደፉት ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ፣ ለእንግሊዝኛ ፊደላት እንዲበቃ ሆኖ ነው። ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ጀርመንኛና ጣልያንኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያሉ ችግሮቻቸውን እየፈቱ የየራሳቸውን ማኅበረሰብ አቋቁመዋል። እነርሱ ምን እንዳደረጉ መርምሮ ለአማርኛ ምን እንደሚቀር የሚያሳይ ጽሑፍ መጽሔቱን ብቻ ሳይሆን ወደፊት መሣሪያውን የሚሠራውን ሰው ጭምር ይጠቅማል።

አማራጭ በሚቀርብበት ሥራ ፓርሰሩ ስለሌለ ችግሩ የሚቀል ይመስላል። እኔም እንዲሁ አስቤ በትዋይን አጭር ታሪክ በአማርኛ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። ይህ ድርሰት በተለምዶ የሚጻፈው ለአንባቢው በቀጥታ በሁለተኛ መደብ ነው፤ አማርኛ ግን አንባቢው «አንተ» ነው ወይስ «አንቺ» ሳይል አንድ ግሥ እንኳ አያስኬድም። «እርስዎ» ብል ታሪኩ የቢሮ ደብዳቤ መሰለ፤ «እናንተ» ብል የብቸኝነቱ ስሜት ጠፋ። ሁለት ቅጂ ማዘጋጀት፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መጠየቅ፣ ወይም ገጸ ባሕርይዋን ሴት አድርጎ ወንዱም አንባቢ በ«አንቺ» እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል፤ እያንዳንዱ መንገድ ግን ታሪኩን ይለውጠዋል። ይህ ከቴክኒክ ያለፈ የድርሰት ጥያቄ ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊም ሊያነሣው ከቶ አይደርስበትም።

ሦስተኛው ምንጭ እንቆቅልሽ ነው። ኒክ ሞንትፎርት በ2003 ባሳተመው የምርምር መጽሐፍ የመስተጋብራዊ ልብ ወለድ የሥነ ጽሑፍ ቅድመ አያት እንቆቅልሽ መሆኑን ተከራክሯል። እኛ ዘንድ እንቆቅልሽ ሥርዓት አለው፤ ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ጥያቄው ይቀርባል፤ መላሹ መልሱ ካቃተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ አገር ተሰጥቶት በዚያ ከተንደላቀቀ በኋላ መልሱን ይገልጣል። መሸነፍ እንኳ የታሪኩ ክፍል ነው፤ የተሸነፈው አገር ይሰጣል እንጂ ጨዋታው አይቋረጥበትም። የፓርሰር ሥራዎች ተጫዋቹ ሲያቅተው ምን ያደርጉታል? ፍንጭ ይሰጡታል፣ ይገድሉታል፣ ወይም ዝም ይሉታል። ማታ ማታ በልጅነቱ እንቆቅልሽ ሲጫወት ያደገ ጸሐፊ እነዚህን ሁለት የሽንፈት ሥርዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢጽፍ፣ ሞንትፎርት የጀመረውን ክርክር ወዳልደረሰበት ስፍራ ያደርሰዋል።

ሐሳቤ ቀደም ሲል ተጽፎበት እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ይህ ድርሰት ማኅደሩን በመጠበቅ የታደለ ነው። የመስተጋብራዊ ልብ ወለድ ማኅደር ከ1992 ጀምሮ ሥራዎችን ሰብስቧል፤ በ1994 የተጀመረው «ስፓግ» እና በ1995 አይሊን መለን የጀመረችው «ዚዚኒውስ» የተባሉት መጽሔቶች እትሞችም በማኅደር ይገኛሉ፤ ከ2007 ጀምሮ ያለው የሥራዎች የመረጃ ቋት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ የተጻፉትን አስተያየቶች አሰባስቦ ይዟል። አንድ ሙሉ ቀን በእነዚህ ውስጥ ይቆዩ። ቀድሞ ተጽፎበት ቢያገኙ አይተዉት፤ የ1996ቱ ጸሐፊ ስልክ ላይ የሚነበብ ሥራ አላየም፤ የትዋይንን መስፋፋትም አልገመተም፤ የተናገረው ትንቢት ከነበረም ዛሬ ሊመዘን ይችላል። እንዲያውም ያረጀ ጽሑፍን እያነበቡ ከጸሐፊው ጋር ሳይስማሙ መቅረት ጥሩ የሐሳብ መነሻ ነው።

ከደራሲ ጋር ቃለ መጠይቅ ማድረግ እንደ ሐሳብ ይቆጠራል?

ብቻውን አይቆጠርም። «እንዴት ጀመርክ? ቀጣዩ ሥራህ ምንድን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ለማንኛውም ደራሲ ስለሚሆኑ ለአንዱም አይሆኑም። ሥራውን ተጫውተው በመዝገብዎ ላይ ያገኙትን አንድ ልዩ ቦታ ይዘው ይሂዱ፤ ለምሳሌ ይህ በር ለምን በአንድ ትእዛዝ ብቻ ይከፈታል፣ ይህን ገጸ ባሕርይ ሲጠይቋት ለምን አትመልስም የሚል። ደራሲ ስለ አንድ በር ሲጠየቅ ስለ ሥራው ሁሉ ይናገራል።

በጽሑፌ የሥራውን መፍቻ ብገልጥ ችግር አለው?

መፍቻው ለመከራከሪያው ካስፈለገ ይግለጡት፤ አንባቢው ግን ወደዚያ ከመድረሱ በፊት እንዲያውቀው ያድርጉ። ካላስፈለገ ይተዉለት።

ሐሳቡን ለአዘጋጁ በምን መልክ ላቅርብ?

በአንድ አንቀጽ። ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጡ፤ በምን ማስረጃ እንደሚመልሱት ይንገሩን፤ የተጫወቱትን ሥራና የትኛውን እትም እንደሆነ ይጥቀሱ፤ አንዳንድ ሥራዎች ከወጡ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለሚታረሙ በአንዱ እትም ያለው ስሕተት በሌላው ላይኖር ይችላል። የራስዎን የጨዋታ መዝገብ አንድ ገጽ ቢያያይዙልን ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ እርሱ ይረዳናል።

መልሱን ሳላገኝ ብቀርስ?

ጥያቄው ሳይመለስ ቢቀርም አይጣሉት። ብሮውዘሮች ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ጨዋታ ለማሳየት ያገለግል ለነበረው ፍላሽ ለተባለው ፕሮግራም የሚሰጡትን ድጋፍ በ2020 መጨረሻ ሲያቋርጡ በእርሱ የተሠሩ ብዙ ሥራዎች እንደቀድሞው የማይከፈቱ ሆነዋል። ከእነርሱ አንዱን ፈልጎ ሊያስነሣው ያልቻለ ጸሐፊ ምን እንደሞከረ፣ የት እንደደረሰ፣ ከሥራው የተረፈው የትኛው ሥዕልና የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሆነ በትክክል ቢጽፍልን እናትመዋለን፤ ሥራውን በራሱ ኮምፒውተር ያስቀረ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ሊጽፍልን ይችላልና።